የባርነም ብራውን ሁለት ከፋዮች



በ1920 አንድ አሜሪካዊ ወደ ሀገራችን ጉዞ ጀመረ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪም በአልጋ ወራሽነትና በእንደራሴነት የነበሩበት ዘመን ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እንግዳውን የላከው አንግሎ አሜሪካን ኦይል የሚባል፣ የስታንዳርድ ኦይልን ምርት በብሪታንያ ለመሸጥ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። የተሰጠው ሥራም ነዳጅ ዘይት ሊኖር የሚችልበትን መሬት መፈለግ ነበር። ዓለም ግን ይህን ሰው በዘይት አያውቀውም። ታይራኖሶረስ ሬክስ የሚባለውን፣ ዛሬ ልጆቻችን ሁሉ ስሙን የሚጠሩትን ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ ከሞንታና አለት ውስጥ ያወጣው እርሱ ነው። ስሙ ባርነም ብራውን ይባላል።

ብራውን ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ አለት ማንበብ። ለዚያ ሥራው አንዳንዴ ሙዚየም፣ አንዳንዴ የዘይት ኩባንያ ይከፍለው ነበር። ዐይኑ ያው አንድ ነው። ያየው ነገር ግን ለሙዚየም ሲሆን የሁሉም ሰው ሀብት ሆኖ ቆይቷል፤ ለኩባንያ ሲሆን አብዛኛው ከኩባንያው ደጅ አልወጣም። ዛሬ ማታ ይህን ልዩነት ይዤ የሰውየውን ሕይወት እንድንከተለው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛም መሬት በሁለቱም ዐይነት ሰዎች ሲነበብ ኖሯል።

ብራውን የተወለደው በ1873 በካንሳስ ግዛት፣ ካርቦንዴል በምትባል መንደር ነው። ስሙ የወጣለት በዘመኑ ዝናው አሜሪካን ካዳረሰው የሰርከስ ባለቤት ከፒ. ቲ. ባርነም ነው። አባቱ ገበሬ ነበር፤ ከእርሻው ሥር በቅርብ የሚገኘውን የድንጋይ ከሰልም እያወጣ ይሸጥ ነበር። ወደ ከሰሉ ለመድረስ የላዩን አፈርና አለት እየገለበጡ መጣል ያስፈልጋል። ሕፃኑ ባርነም ከዚያ ከተጣለው ክምር ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ዛጎሎችንና ኮራሎችን መልቀም ጀመረ፤ ባሕር እጅግ በራቀበት በዚያ ሜዳ ላይ የባሕር ፍጥረት! ቤቱ በድንጋይ እስኪሞላ ሰበሰበ። የሕይወቱ ሁለት መስመሮች፣ ነዳጅና ቅሪተ አካል፣ ገና በልጅነቱ ከአንድ ጉድጓድ ወጡለት ማለት ነው።

በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ የነበሩት ሳሙኤል ዌንዴል ዊሊስተን ናቸው። ዊሊስተን ራሳቸው ወጣት ሳሉ ለየል ዩኒቨርሲቲው ለኦትኒየል ማርሽ አጥንት ይሰበስቡ ነበር። ማርሽና የፊላዴልፊያው ኤድዋርድ ኮፕ እርስ በርስ ተናክሰው፣ ሀብታቸውን አፍስሰው፣ ምዕራብ አሜሪካን በቆፋሪዎች ያጥለቀለቁበት ዘመን ብራውን ሥራ ሲጀምር እየተዘጋ ነበር፤ ኮፕ በ1897፣ ማርሽ በ1899 ሞቱ። ጥላቻቸው ብዙ ስሕተት ያለበት ጽሑፍ ትቶልናል። ነገር ግን በእነርሱ ሥር ሲደክሙ የነበሩት ሰብሳቢዎች አንድ ትልቅ የእጅ ጥበብ አበጁ። በ1876 ሞንታና ውስጥ ለኮፕ ይሠራ የነበረው ቻርለስ ስተርንበርግ የሚፈረካከሰውን አጥንት ለመያዝ ሩዝ ቀቅሎ፣ በሩዙ ሙጫ ጨርቅ ነክሮ ይጠቀልለው ነበር። ኋላ ሩዙ በጀሶ ተተካ። ዛሬም በአፋር በረሃ የሚሠራ ባለሙያ ትልቅ አጥንት ሲያገኝ ዙሪያውን ይቆፍራል፣ በስስ ወረቀት ይሸፍናል፣ በጀሶ የተነከረ የጆንያ ጨርቅ ያለብሰዋል፣ ሲደርቅም ገልብጦ ሌላውን ጎን ይጠቀልላል። ይህ ጥበብ ከፕሮፌሰር ጠረጴዛ ላይ የተገኘ አይደለም፤ ሜዳ ላይ የዋሉ እጆች ሥራ ነው።

ብራውን በ1897 ኒው ዮርክ ለሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀጠረ። አለቃው ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ፓታጎንያ ላኩት፤ እስከ 1900 ድረስ እዚያው ከረመ። ከተመለሰ በኋላ የኒው ዮርክ የእንስሳት መናፈሻ ኃላፊ የነበሩት ዊልያም ሆርናዴይ ከሞንታና ስላዩት አጥንት ነገሩት። ብራውን በ1902 ወደዚያው፣ ሄል ክሪክ ወደሚባለው የተሸረሸረ ምድር ሄደ፤ በአሸዋ ድንጋይ ኮረብታ ውስጥም የግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር አካል አገኘ። አለቱ እንደ ብረት የጠጠረ ስለነበር ድማሚትና በፈረስ የሚጎተት መፋቂያ ተጠቀሙ። የዳሌው አጥንት ያለበት አንዱ ጥቅል ብቻ ወደ 1,900 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ በፈረሶች እየተጎተተ ነው ማይልስ ሲቲ ባቡር ጣቢያ የደረሰው። በ1905 ተመልሶ ቁፋሮውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ኦስቦርን ለእንስሳው ስም አወጡለት። በ1908 ብራውን ድንቅ የራስ ቅል ያለውን ሌላ አካል አገኘ፤ ከ1915 ጀምሮ የኒው ዮርክን ሕዝብ ሲያስደምም የኖረው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስሙን ያወጣው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ነው። በሳይንስ ሕግ የስሙ ባለቤት ገላጩ ነው፤ ሰብሳቢው በግርጌ ይቀራል። ብራውን ይህን በፀጋ የተቀበለ ይመስላል፤ ራሱ መጻፍ ብዙም አይወድም ነበርና። እኔ ግን ይህ ሥርዓት ለሰብሳቢዎች ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ጠራራ ፀሐይ ላይ በሺህ ድንጋዮች መካከል አንዱን ለይቶ የሚያይ ዐይን ዕውቀት ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ ካለው ዕውቀት የሚያንስ አይደለም። በሀገራችንም ከጋዜጣው ፎቶግራፍ ውጭ የሚቀሩት የአፋር ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለ ዐይን አላቸው።

ከብራውን ዘመቻዎች ሁሉ እኔ የምወደው የካናዳውን ነው። በ1909 አንድ የአልበርታ ከብት አርቢ ሙዚየሙን ሊጎበኝ መጥቶ፣ እንዲህ ያለ አጥንት በእኔ መሬትም ሞልቷል አለ። በዓመቱ ብራውንና ረዳቱ ፒተር ካይዘን በሬድ ዲር ወንዝ ላይ ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 30 ጫማ የሆነ ጠፍጣፋ ጀልባ ሠሩ። በላዩ ድንኳን ተከሉበት፣ ምድጃ አኖሩበት፤ ወንዙ እንዳደረሳቸው ይወርዱ ጀመር። ሸለቆው በሁለቱም በኩል ገደል ነው፤ አለቱ እርቃኑን ቆሟል። ዳር ይጠጋሉ፣ ገደሉን ይወጣሉ፣ አጥንት ካዩ ይሰፍራሉ፣ ካላዩ ገመዱን ፈተው ይወርዳሉ። ትንኙ መከራ ነበር። ያገኙት ግን ያን ሁሉ ያስረሳል፤ ሶሮሎፈስ የተባለውን ዳክዬ አፍ ዳይኖሰር፣ ከዚያም የቆዳው አሻራ ሳይቀር አለቱ ላይ የታተመበትን ኮሪቶሶረስ። ብራውን በሜዳ ሥራ ላይ እንኳ ሸሚዝና ክራቫት አድርጎ፣ ሲበርድም ረጅም የጠጉር ካፖርት ደርቦ የሚታይባቸው ፎቶግራፎች አሉ፤ ሥራውን እንዴት እንደሚያከብር ይመሰክራሉ።

ካናዳውያን ግን ዝም ብለው አላዩም። የምድራቸው ሀብት በሣጥን እየታሸገ ኒው ዮርክ ሲገባ ቅሬታ ተነሣ፤ በ1912 የካናዳ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ያን በሩዝ ሙጫ የጀመረውን ቻርለስ ስተርንበርግን ከልጆቹ ጋር ቀጠረ። ስተርንበርጎችም የራሳቸውን ጀልባ ሠርተው ወደዚያው ወንዝ ወረዱ። ሁለቱ ቡድኖች ይፎካከሩ ነበር፤ የማርሽና የኮፕን የመሰለ ጥላቻ ግን አልነበረባቸውም። ካናዳ አሜሪካዊውን አላባረረችም፤ የራሷን ሰው ከጎኑ አሰማራች። ለእኔ ይህ ብልህ መልስ ነው። እኛም ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጠመን፤ በ1974 ሃዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ለጥናት ክሊቭላንድ ሄዳ በ1980 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ሃዳርን ለሳይንስ የከፈተው ሞሪስ ታይብ ደግሞ የአዋሽን ሸለቆ አለት ሲያጠና የነበረ የጂኦሎጂ ባለሙያ ነው።

በ1910 የብራውን ሚስት ማሪየን በቀይ ትኩሳት ሞተች። ሁለት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን ፍራንሲስን የእናቷ ወላጆች አሳደጓት፤ ፍራንሲስ አድጋ ስለ አባቷ መጽሐፍ ጽፋለች። ብራውን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ መንገደኛ ሆነ።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። አጥንት ሰብሳቢ ለዘይት ኩባንያ ምን ይጠቅመዋል? መልሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ነዳጅ ዘይት ከዳይኖሰር አልመጣም። አብዛኛው ዘይት የመጣው በጥንት ባሕሮች ከሚንሳፈፉ፣ በዐይን ከማይታዩ ፍጥረታት ነው። ሲሞቱ ከጭቃው ጋር ባሕሩ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ አየር ሳያገኛቸው ይቀበራሉ፤ በላያቸው ደለል ይከመራል፤ በሚሊዮኖች ዓመታት ሙቀቱና ክብደቱ ወደ ዘይትና ጋዝ ይለውጣቸዋል። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል በአለቱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሸሻል። እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የጎበጠ፣ የማያሳልፍ የአለት ንብርብር ካጋጠመው ከሥሩ ይጠራቀማል። ስለዚህ ፈላጊው ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ንብርብሮቹ የት እንደጎበጡና የእያንዳንዱ ንብርብር ዕድሜ ስንት እንደሆነ። ዕድሜውን የሚነግረው ቅሪተ አካል ነው። አንድ ዐይነት ዛጎል በሁለት ሩቅ ኮረብታዎች ላይ ከተገኘ፣ ሁለቱ አለቶች የአንድ ዘመን ናቸው። ብራውን ይህን ለማንበብ አዲስ ትምህርት አላስፈለገውም፤ ለዳይኖሰሩም ያነብ የነበረው ያንኑ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር በዘይት ጉድጓዶች ግብር ጉዳይ ሠራ። ጉድጓድ እየተቀዳ ሲሄድ ሀብቱ ይመናመናል፤ ይህ መመናመን በግብር እንዴት ይታሰብ የሚለው የመሬት ዕውቀት የሚጠይቅ ጉዳይ ነበር። ከዚያ ነው የአቢሲኒያው ጉዞ የመጣው። የእኛ አለት ለእንዲህ ያለ ሰው ትልቅ መጽሐፍ ነው። በ1868 የናፒየርን ጦር ተከትሎ ወደ መቅደላ የዘመተው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ የዓዲግራትን የአሸዋ ድንጋይና የሕንጣሎን የኖራ ድንጋይ ሰይሞ ነበር፤ ስያሜዎቹ ዛሬም ይሠራባቸዋል። የሕንጣሎው ድንጋይ ባሕር ምሥራቅ አፍሪካን በሸፈነበት ዘመን የተቀመጠ ነው፤ ዘመዱ የሆነ የኖራ ድንጋይ በዓባይ በረሃ ገደሎችና በኦጋዴን ከርሰ ምድርም አለ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በጥንት የባሕር ወለል ጎን እያለፈ ነው።

ብራውን በሀገራችን በግልጽ የሚታወቅ የዘይት ግኝት አላስመዘገበም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሞንታና ያወጣው አጥንት ለሕዝብ ተገልጦ ቆሟል፤ ማንም ተማሪ ሄዶ ሊያየው፣ ሊለካው፣ ተሳስታችኋል ሊል ይችላል። ለኩባንያ የተጻፈ የዘይት ሪፖርት ግን የንግድ ምስጢር ነው። ከፋዩ ያዘዘው ነውና በሕግ ምንም ነውር የለበትም። የተነበበው ግን የእኛ መሬት ነበር፤ ንባቡን የማየት ዕድል የነበረን እኛ አይደለንም።

እርሱ በበረሃ ሲዞር የዘይቱ ሥራ ራሱ እየተለወጠ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ኤስተር አፕሊን፣ አልቫ ኤሊሶርና ሄድዊግ ክኒከር የተባሉ ሦስት ሴቶች ለዘይት ኩባንያዎች ይሠሩ ነበር። ጉድጓድ ሲቆፈር መሰርሰሪያው ትልልቁን ቅሪተ አካል ይፈጨዋል፤ ፎራሚኒፌራ የሚባሉት የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ የባሕር ፍጥረታት ግን ሳይሰበሩ ይወጣሉ። አፕሊን በ1921 በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ በእነዚህ የአለቱን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል ስትል አንድ ፕሮፌሰር ተነሥቶ አላገጠባት። በ1925 ሦስቱ ያሳተሙት ጥናት እርሷ ትክክል እንደነበረች አሳየ፤ ዘዴውም የዘይት ፍለጋ ዋና መሣሪያ ሆነ። የአጥንት ሰብሳቢዎችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ሴቶች እምብዛም አያነሡም፤ ለዘይት የዋለው ቅሪተ አካል ግን ከብራውን ይልቅ በእነርሱ እጅ ነው ፍሬ ያፈራው።

ብራውን በ1922 ሊሊያን ማክላፍሊንን ካልካታ ውስጥ አገባ። በሕንድ፣ በበርማ፣ በግሪኳ ሳሞስ ደሴት ቆፈረ። በርማ ውስጥ በወባ ሊሞት ደርሶ ሊሊያን አስታምማ አተረፈችው። በ1927 ኒው ሜክሲኮ፣ ፎልሰም ላይ በጥንታዊ ጎሽ የጎድን አጥንቶች መካከል ያለውን የድንጋይ ጦር ጫፍ አይተው፣ ሰው በአሜሪካ በበረዶው ዘመን ማብቂያ ይኖር እንደነበር ከመሰከሩት ባለሙያዎች አንዱ ነው። ያን ቦታ መጀመሪያ ያየው ግን በባርነት የተወለደ ጥቁር ከብት ጠባቂ፣ ጆርጅ ማክጀንኪን ነበር። ከ1908ቱ ጎርፍ በኋላ አጥንቶቹን ከመሬት ውስጥ ብቅ ብለው አይቶ፣ ተራ የከብት አጥንት እንዳልሆኑ ለይቶ ለሰዎች ሲናገር ኖረ። በ1922 ሞተ፤ ባለሙያዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1930ዎቹ ኢኮኖሚው ሲደቅቅ የሙዚየሙ ካዝና ነጠፈ። ያን ጊዜ ሲንክሌር የተባለ የዘይት ኩባንያ መጣ። ሲንክሌር ዘይቱ ከጥንት ዘመን አለት የመጣ ምርጥ ዘይት ነው ለማለት ማስታወቂያው ላይ ዳይኖሰር ይስል ነበር፤ አረንጓዴው ብሮንቶሶረስ በ1932 የንግድ ምልክቱ ሆነ። ዘይት ከዳይኖሰር ይመጣል የሚለው ስሕተት በሰው ልብ የተተከለው በአብዛኛው በዚህ ይመስለኛል፤ ብራውንም ያንን ለማረም ብዙ እንደጣረ አላነበብኩም። በገንዘቡ ግን በ1934 ዋዮሚንግ ውስጥ ሼል ከምትባል መንደር አጠገብ ሃው ኳሪ የተባለውን ቦታ ቆፈረ። ከ20 የማያንሱ ዳይኖሰሮች፣ ከ4,000 በላይ አጥንቶች እርስ በርስ ተደራርበው ተገኙ። በ144 ሣጥን ታሽገው ኒው ዮርክ ገቡ።

ይኸው ሲንክሌር በ1945 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ለ50 ዓመት የሚዘልቅ የዘይት ፍለጋ ፈቃድ አገኘ። ኦጋዴን ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሳያገኝ በ1950ዎቹ ወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ነው ካሉብ ላይ ጋዝ ያገኘው።

ወደ ሃው ኳሪ ልመለስ፤ የብራውን ትልቁ ድካሙም ትልቁ ጉድለቱም እዚያ ይታያል። ገንዘቡ የተገኘው ለቁፋሮ ነው፤ ቁፋሮ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። አጥንቱን ከጀሶው አውጥቶ ማጽዳትና ማጥናት ግን ዓመታት የሚወስድ፣ ማስታወቂያ የማይሆን ሥራ ነው፤ ለዚያ የከፈለ አልነበረም። ሣጥኖቹ ባሉበት ቆዩ፤ አብዛኛው አጥንት ሳይጠና ተበላሸ። ብራውንም የሜዳ ማስታወሻ አያያዙ ደካማ ነበር። የት፣ በየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር ተገኘ የሚለው ካልተጻፈ አጥንት ከግማሽ በላይ ዋጋውን ያጣል። ታላቅ ሰብሳቢ ነው ብዬ ሳወድሰው ይህን መሸፈን አልችልም።

ያንን ጉድለት የሸፈነለት ረዳቱ ሮላንድ በርድ ነው። በርድ በእንጨት ማማ ላይ በርሜል አሰቅሎ፣ በርሜሉ ውስጥ ቆሞ ጉድጓዱን ከላይ ፎቶግራፍ አነሣው፤ እያንዳንዱ አጥንት በየት በኩል እንደተጋደመ የሚያሳይ ካርታም አጥንት በአጥንት ሣለ። አጥንቶቹ ሲጠፉ ካርታው ተረፈ።

ብራውን በ1942 ጡረታ ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት የአየር ፎቶግራፍ ያነብ ነበር፤ ቀጥሎ ጓቲማላ ውስጥ እንደገና ዘይት ፈለገ። በ1963፣ 90 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው ሞተ። የመጀመሪያው ታይራኖሶረስ ቀድሞ በ1941 በ7,000 ዶላር ለፒትስበርጉ ካርኔጊ ሙዚየም ተሽጦ ነበር፤ ዛሬም እዚያ ቆሟል።

ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ከስዊዘርላንድ የመጡ ቆፋሪዎች ሃው ኳሪን እንደገና ከፈቱት። በ1991 ከዚያው አካባቢ ሙሉ ሊባል ጥቂት የቀረው የአሎሶረስ አካል አገኙ። ቦታው ሲመረመር የግል ርስት አልነበረም፤ የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው፤ ስለዚህ ቁፋሮው ከግለሰቦቹ እጅ ወጥቶ በሕዝብ ተቋማት ተጠናቀቀ። ተመራማሪዎች እያንዳንዱን አጥንት ለማጥናት ጊዜና ገንዘብ ስላገኙ፣ 19 አጥንቶቹ ላይ የስብራትና የቁስል ምልክት ለዩ፤ እንስሳው ወጣት ሳለ እንደሞተ፣ እግሩም አመርቅዞ እንደነበር ዛሬ እናውቃለን።

ስለ ኦጋዴን ጉድጓዶችም ሆነ ስለ አሎሶረሱ መጠየቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ጊዜው የእናንተ ነው።